ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ ታይሮይድን መከታተል፦ ጂቪኤችዲ ላለባቸውና ለአስታማሚዎቻቸው

የሌላ ሰው መቅኔ ተቀብሎ የዳነ ሰው ዓመት ካለፈው በኋላም «ድካሙ አልለቀቀኝም» ሲል ቤተሰቡ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ በሽታው ነው፣ መድኃኒቱ ነው፣ ጂቪኤችዲው (የለጋሹ ሴሎች ሰውነቱን የሚያጠቁበት በሽታ) ነው። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። አንዳንዴ ግን ከዚህ ሁሉ ሥር አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራውን ቀንሶ ተቀምጧል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው፤ ደግነቱ ይሄኛው ጆሮ ደግፍ በደም ምርመራ ይገኛል፣ በቀን አንዴ በሚዋጥ ክኒንም ይታከማል።

መመሪያው የተጻፈው ውጭ አገር ታክመው አዲስ አበባ ለተመለሱ፣ ለሚያስታምሟቸውና ክትትሉን ለሚረከቡ ባለሙያዎች ነው። መጠን መወሰንና መለወጥ የሐኪም ሥራ ነው፤ ቁጥሮቹ እዚህ የተጻፉት ታካሚው የሚደረግለትን እንዲረዳና የተዘለለ ነገር ካለ እንዲጠይቅ ነው። ሰው በብዛት የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ የሕክምናው ቅደም ተከተልና የክኒኑ ሰዓት። እነዚያ ክፍሎች ረዘም ያሉት ለዚህ ነው።

ዕጢው ለምን ይደክማል

ጂቪኤችዲ ማለት የለጋሹ የመከላከያ ሴሎች የተቀባዩን አካል እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲያጠቁት የሚመጣ በሽታ ነው። ቆዳ፣ አፍ፣ ዓይን፣ ጉበት፣ አንጀትና ሳንባ ዋነኞቹ ተጠቂዎች ናቸው። ታይሮይድም ከዚህ የመከላከያ ሥርዓት መዛባት አያመልጥም። ግን ብቸኛው ምክንያት ጂቪኤችዲው አይደለም። ከንቅለ ተከላው በፊት ለመላ ሰውነት የተሰጠ ጨረር ዕጢውን ይጎዳል፤ በአንድ ጊዜ የተሰጠ ጨረር በበርካታ ቀናት ተከፋፍሎ ከተሰጠው ይከፋል። እንደ ቡሰልፋን ያሉ ጠንካራ ኬሞዎችም ድርሻ አላቸው። በተለይ ከ10 ዓመት በታች ሳሉ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ልጆች ይበልጥ ይጋለጣሉ። በመጨረሻም፣ ለጋሹ ራሱ የታይሮይድ ሕመም ከነበረበት ሕመሙ ከሴሎቹ ጋር አብሮ ሊሻገር ይችላል።

ጉዳቱ በወራት ውስጥም፣ ከብዙ ዓመታት በኋላም ብቅ ሊል ይችላል። የመጀመሪያው ዓመት ምርመራ ደህና ነበር ማለት ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱን ማደራጀት

ንቅለ ተከላው ከተሠራበት ሆስፒታል የተሰጠዎትን የመውጫ ማጠቃለያ ያውጡና አራት ነገር ይፈልጉበት፦ ጨረር ተሰጥቶ ከሆነ መጠኑ በግሬይ (በጨረር መለኪያው) ስንት እንደሆነና በስንት ጊዜ እንደተከፋፈለ፣ የኬሞዎቹ ስም፣ ከንቅለ ተከላው በፊት የተለካ ቲኤስኤች (አንጎል ታይሮይዱን «ሥራ» ብሎ የሚያዝበት ሆርሞን፤ ዕጢው ሲደክም ከፍ ይላል)፣ እና አሁን ለጂቪኤችዲው የሚወስዱት ስቴሮይድ (እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለው) መቼ እንደተጀመረ። ከጎደለ ለሆስፒታሉ በኢሜይል ይጠይቁ፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ መዝገብ ማስቆፈር ይከብዳል።

ለጋሹ ወንድም ወይም እህት ከሆነ ሥራው ይቀላል። «እንቅርት ነበረብህ ወይ? የታይሮይድ መድኃኒት ወስደሽ ታውቂያለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ለጋሹ በኋላ ላይ የታይሮይድ ሕመም ከተገኘበትም ለተቀባዩ ሐኪም ይነገር።

ስለ ቀን አጻጻፍ አንድ ማሳሰቢያ፦ የውጭው ወረቀት ላይ 03/05/2024 የሚል ካለ ማርች 5 ይሁን ሜይ 3 ከሌላ ገጽ ያረጋግጡ፤ ከዚያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አጠገቡ ይጻፉት። ካርድ ክፍል ወይም ተረኛ ሐኪም ዘንድ ሁለቱ አቆጣጠሮች ሲደባለቁ የስድስት ወሩ ምርመራ በዓመቱ ይሠራል።

ደረጃ 2፦ የምርመራውን ቀን መቁረጥ

ከንቅለ ተከላው በፊት አንዴ፣ በ6 ወር፣ በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ፤ ዕድሜ ልክ። ጂቪኤችዲው ገና ያልበረደ፣ ስቴሮይድ ላይ ያለ ወይም ጨረር የወሰደ ሰው በየ6 ወሩ ቢለካ ይሻላል። ልጆችም እንደዚሁ፤ ዕድገታቸውና የትምህርት አቀባበላቸው ዕጢው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ምልክት ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም።

የታይሮይድ ማነስ ምልክቶችን ከጂቪኤችዲና ከስቴሮይድ መለየት ነው ጭንቁ። እርግጠኛ የሚያደርግ የለም፣ ግን ጥቆማ የሚሰጡ አሉ።

ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ ያድርጉት። በጂቪኤችዲ የጠነከረ ቆዳ ከሥሩ ተጣብቆ አልቆነጠጥ ይላል። የታይሮይድ ማነስ ያደረቀው ቆዳ ሻካራና ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ይቆነጠጣል። የስቴሮይድ ፊት ጉንጭ ላይ ይሞላል፤ የታይሮይዱ እብጠት ይበልጥ የዓይን ቆብ ላይ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ይብሳል። አንጀቱ በጂቪኤችዲ ተቅማጥ የለመደ ሰው ድንገት ሆድ ድርቀት ከጀመረው በቁም ነገር ይያዝ። ድምፅ መጎርነን፣ የልብ ምት መዘግየት፣ ኮሌስትሮል በሚቀንሰው ስታቲን አልወርድ ያለ ኮሌስትሮልም እንደዚሁ፤ ምንም እንኳ የለጋሹን ሴሎች የሚያበርዱት ሳይክሎስፖሪንና ሲሮሊመስም ኮሌስትሮል ቢጨምሩ። የጡንቻ መሸማቀቅ ግን ሁለቱም ጋ ስላለ ብዙም አይለይም።

ብርድ ብርድ ማለት እዚህ ከተማ አሳሳች ነው። ሐምሌ ላይ ሁሉም ይበርደዋል። የሚጠየቀው «ቤት ውስጥ ሌላው በሹራብ ሲሆን አንተ ብቻ ጋቢ ደርበህ ነው ወይ?» ተብሎ ነው።

ድካሙም ይመርመር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት የቸርችልን ዳገት ሲወጡ ያቆመዎት ትንፋሽ ማጠር ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ሳንባ ነው፤ የሳንባ ጂቪኤችዲ ቶሎ ካልተያዘ ጉዳቱ አይመለስምና የትንፋሽ ምርመራ፣ ማለትም ስፓይሮሜትሪ፣ ይደረግ። ትንፋሹ ደህና ሆኖ እግር እንደ እርሳስ ከከበደ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለ፣ ነገር ከዘገየ ታይሮይድም፣ የደም ማነስም፣ በስቴሮይድ የሰለለ ጡንቻም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአንድ ቀን ደም ማየት ይቻላል።

ደረጃ 3፦ ደሙን መስጠት

ቲኤስኤችና ፍሪ ቲ ፎር (ዕጢው ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን)፣ ሁለቱም አብረው ይታዘዙ። ቲኤስኤች ብቻውን ስቴሮይድ ለሚወስድ ሰው አይበቃም፤ ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ራሱ ቲኤስኤችን ወደ ታች ስለሚጫነው ዕጢው ደክሞም ቁጥሩ «ኖርማል» ሊመስል ይችላል። ቲ ስሪ የሚባለው ሌላው የታይሮይድ ሆርሞን በዚህ ጉዳይ ብዙም አይረዳም፤ የታመመ ሰው ቲ ስሪ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል።

መጾም ግዴታ አይደለም። ሰዓቱ ግን ይጠበቅ፦ ቲኤስኤች ሌሊት ከፍ ብሎ ቀን ስለሚወርድ፣ አንዴ ጠዋት 2 ሰዓት አንዴ ከሰዓት 9 ሰዓት ከተቀዳ የማይወዳደሩ ቁጥሮች ይመጣሉ። ጠዋት ይሁን። የታይሮይድ ክኒን የጀመረ ሰው ደሙን ሰጥቶ ይዋጠው። የሳይክሎስፖሪን ወይም የአቻው የታክሮሊመስ መጠን የሚለካበት ጠዋትም ልማዱ ይኸው ስለሆነ ሁለቱን በአንድ መርፌ ማስቀዳት ይቻላል፤ ታክሲውም፣ የደም ሥሩም ይቆጠባል።

ባዮቲን የሚባለውን የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት ያቁሙ። ከኬሞ በኋላ ፀጉር እንዲያበቅል ብለው ከየሱቁ የሚገዙት ብዙ ናቸው። ባዮቲን ዕጢውን አይነካም፤ የሚያሳስተው የላቦራቶሪውን መሣሪያ ነው። በበርካታ ማሽኖች ላይ ቲኤስኤችን የሐሰት ዝቅተኛ፣ ቲ ፎርን የሐሰት ከፍተኛ ያደርጋል፤ ዕጢው የደከመ ሰው ሆርሞን የበዛበት መስሎ ይወጣል። መጠኑ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ከዚያም በላይ ቀናት ያስፈልጋሉ።

በትኩሳት፣ በኢንፌክሽን ወይም ሆስፒታል ተኝተው ሳለ የተሰጠ ደም ላይ ውሳኔ አይወሰን፤ አጣዳፊ ምልክት ከሌለ አገግመው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደገም።

አንድ ላቦራቶሪ ይምረጡና እዚያው ይቆዩ። ፒያሳም፣ አራት ኪሎም፣ ካዛንቺስም ይሁን ዋናው አለመቀያየሩ ነው፤ ማሽን ሲለያይ ቁጥር ይለያያል። አሃዱንም ያንብቡ። ቲኤስኤች በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ቢመጣም ቁጥሩ አንድ ነው። ፍሪ ቲ ፎር ግን አንዱ ቦታ በናኖግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው ቦታ በፒኮሞል በሊትር ይጻፋል፤ 1 ናኖግራም በዴሲሊትር ወደ 12.9 ፒኮሞል በሊትር ነው። ውጭ አገር 1.1 የነበረ እዚህ 14 ሆኖ ሲመጣ «ሆርሞኑ አሥራ ሁለት እጥፍ ጨመረ» ብሎ የሚደነግጥ አለ። ምንም አልጨመረም።

ደረጃ 4፦ ውጤቱን ማንበብ

የየላቦራቶሪው መደበኛ ክልል ወረቀቱ ላይ አለ፤ ለአዋቂ ቲኤስኤች በአብዛኛው ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው።

ቲኤስኤች ከፍ፣ ቲ ፎር ዝቅ ካለ ጥያቄ የለውም፦ ዕጢው ደክሟል፣ ይታከማል።

ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ነገር ግን ከ10 በታች ሆኖ፣ ቲ ፎር ደህና ከሆነ አይቸኮል። ከንቅለ ተከላ በኋላ እንዲህ ያለው በራሱ የሚስተካከልበት ጊዜ ብዙ ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይደገም። ልጅ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ምልክት በግልጽ የታየበት ሰው ሲሆን ሐኪሙ ቀደም ብሎ ሊጀምር ይችላል። በድጋሚ ምርመራ ከ10 በላይ ከሆነ ቲ ፎር ደህና ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ይታከማል።

ቲ ፎር ዝቅ ብሎ ቲኤስኤች ግን ዝቅ ወይም ደህና ሆኖ ከተገኘ የሆርሞን ሐኪም ሳያይ መድኃኒት አይጀመር። ወይ ከባድ ሕመምና ስቴሮይድ ነው፣ ወይ አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ተጎድቷል፤ ጭንቅላታቸው በጨረር የታከመ ሰዎች ላይ ይህ ይታሰባል። ፒቱታሪው ከሆነ ጥፋተኛው፣ ከዚያ ወዲያ መጠኑ የሚስተካከለው በቲኤስኤች ሳይሆን በቲ ፎር ነው።

ቲኤስኤች ዝቅ፣ ቲ ፎር ከፍ ካለ ታች «ሆርሞኑ ሲበዛ» የሚለውን ይመልከቱ።

ፀረ ቲፒኦ የሚባለው፣ ታይሮይድን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ አንዴ መታዘዙ አይጠላም፤ ነገር ግን በቅርቡ ኢሚዩኖግሎቡሊን በደም ሥር የወሰደ ሰው ላይ የሌሎች ሰዎች ፀረ እንግዳ አካል ተቆጥሮ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል።

ደረጃ 5፦ ከክኒኑ በፊት ኮርቲሶል

እዚህ ጋ ነው መዝለል የሌለበት። ለጂቪኤችዲ ወራት ፕሬድኒሶሎን የወሰደ ሰው ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ላይ ነው፤ ኮርቲሶልን፣ ማለትም ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ስቴሮይድ፣ መሥራት አቁሟል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲሰጥ ሰውነት ኮርቲሶልን በፍጥነት ይጨርሳል፣ ፍላጎቱም ይጨምራል። ክምችቱ ባዶ ከሆነ ሰውየው ክኒኑን በጀመረ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ደም ግፊቱ ወርዶ፣ አስመልሶ፣ ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል ይገባል። ድካምን ሊያክም የተሰጠ መድኃኒት ነው ያን ያደረገው።

ስለዚህ፦

ፕሬድኒሶሎን በቀን 5 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ በመውሰድ ላይ ያለ ሰው ሽፋን አለው፤ የታይሮይድ ክኒኑን መጀመር ይችላል፣ ፕሬድኒሶሎኑን ግን አንድ ቀንም አያቋርጥ። ወደፊት መጠኑ ሲቀነስም የታይሮይድ ክኒን እንደሚወስድ የሚቀንሰው ሐኪም ይወቅ።

ከ5 ሚሊግራም በታች የወረደ ወይም በቅርብ ወራት ያቆመ ሰው መጀመሪያ የጠዋት ኮርቲሶል ይለካ። ደሙ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ይቀዳል፤ የዕለቱ ፕሬድኒሶሎን ከተቀዳ በኋላ ነው የሚዋጠው፣ ያለፈው ከተዋጠ 24 ሰዓት ይሙላው። ምክንያቱም ብዙ ማሽኖች ፕሬድኒሶሎንን ከኮርቲሶል አይለዩትም። ከ10 ማይክሮግራም በዴሲሊትር፣ ማለትም ወደ 300 ናኖሞል በሊትር፣ በላይ ከሆነ አድሬናሉ ነቅቷል። ከ5 በታች ከሆነ አልነቃም፤ ስቴሮይዱ በመጠኑ ይቀጥላል ወይም ይመለሳል፣ ታይሮይዱ ከዚያ በኋላ። መካከሉ ላይ ያለ ሰው ሐኪሙ እስኪያጣራ ስቴሮይዱን ይዞ ይቆያል። የሚዋጥ ኢስትሮጅን የሚወስዱ ሴቶች ኮርቲሶል ከእውነታው ከፍ ብሎ ስለሚታይ ይህን ቀድመው ይንገሩ።

የሚተነፈስና የሚቀባ ስቴሮይድም ይቆጠር። ለሳንባ ፍሉቲካዞን፣ ለአንጀት ቡዴሶናይድ፣ ለቆዳ ክሎቤታሶል ለወራት የወሰደ ሰው «ስቴሮይድ አልወስድም» ይላል፤ ክኒን ብቻ ይመስለዋልና።

ደረጃ 6፦ መጠኑ

መድኃኒቱ ሊቮታይሮክሲን ነው። ሙሉ ምትክ የሚያስፈልገው አዋቂ ሰው በቀን በኪሎ ወደ 1.6 ማይክሮግራም ይወስዳል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን 100 ማይክሮግራም ገደማ ማለት ነው። ክብደቱ ውኃ ከመቋጠሩ በፊት ያለው ይሁን። ወጣትና ልቡ ጤነኛ ከሆነ ከሙሉው ወይም ከግማሹ ሊጀመር ይችላል። ልብን የሚጎዳ ኬሞ የወሰደ፣ ዕድሜው የገፋ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ከ12.5 ወይም 25 ማይክሮግራም ጀምሮ በየ6 ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨመርለታል። ቲኤስኤቹ ከፍ ብሎ ቲ ፎሩ ደህና ለሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 50 ይበቃዋል።

ማይክሮግራምና ሚሊግራም ይለዩ፦ 0.1 ሚሊግራም ማለት 100 ማይክሮግራም ነው። በሐኪም ትዕዛዙ ላይ 50 ተጽፎ መድኃኒት ቤቱ 100 ብቻ ካለው በግማሽ መስበር ይቻላል፤ መስመር የሌለውን ክኒን ግን በቢላ መቆራረጥ በየቀኑ የተለያየ መጠን መዋጥ ነው። ከነማም፣ ቀይ መስቀልም፣ የግል መድኃኒት ቤትም ቢሆን አንድ የምርት ስም ከጀመሩ እሱኑ ይጠይቁ። ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ይለካ። አንድ ወር የሚያቆይ ትርፍ ቤት ይኑር። ደንበኛ የነበሩበት መድኃኒት ቤት ፒያሳ ሆኖ በኮሪደር ልማቱ ቦታ ቀይሮ ከሆነ፣ ክኒኑ ሳያልቅ አዲሱን አድራሻ ያረጋግጡ። ክኒኑ ከማሸጊያው ሳይወጣ፣ ከፀሐይና ከእንፋሎት ርቆ ይቀመጥ፤ የምድጃ አጠገብ መደርደሪያ አይሆንም።

ደረጃ 7፦ የክኒኑ ሰዓት

ሊቮታይሮክሲን ብቸኝነት ይወዳል። በባዶ ሆድ፣ በንጹሕ ውኃ፣ ከቁርስና ከቡና ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ከተቻለ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጣል።

ቡናው ላይ እንቆይ፤ ይህ ከተማ ቡናን አይምርምና። ቡና የክኒኑን መመጠጥ ይቀንሳል። የአቦል ስኒ ይዞ ክኒኑን በሱ ማወራረድ፣ ወይም ውጦ ወዲያው ማኪያቶ ማዘዝ፣ መጠኑን በየሁለት ወሩ ሲያስጨምር የሚኖር ሰው ያፈራል። ቡናውን መተው አያስፈልግም፣ ማቆየት እንጂ። ወተትና አኩሪ አተርም እንዲሁ ናቸው፤ አኩሪ አተር በጾም ወተትነት ቤት ስለሚገባ በሁዳዴ ድንገት ቲኤስኤች ከፍ ቢል ይጠየቅ። የጤፍ ፍርፍርም ቃጫና ብረት ስላለው ክኒኑ በላዩ አይዋጥ።

ካልሲየም፣ ብረት፣ ማግኒዚየምና የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ ከክኒኑ በ4 ሰዓት ልዩነት ይራቁ። ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው እነዚህን ሁሉ አብሮ የሚወስድበት አጋጣሚ ብዙ ነው፦ ካልሲየም ከስቴሮይዱ ለአጥንት፣ ማግኒዚየም ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ በሽንት ስለሚያስወጡት። ኦሜፕራዞል ግን በሰዓት ማራራቅ አይፈታም፤ የጨጓራውን አሲድ ቀኑን ሙሉ ስለሚቀንስ ነው መመጠጡን የሚያዛባው። ከተጀመረ ወይም ከቆመ ቲኤስኤች ይደገም።

ለአንድ ቀን የሚሆን አቀማመጥ ይኸውና፦

ንጋት 12 ሰዓት፦ ሊቮታይሮክሲን በአንድ ብርጭቆ ውኃ። ሰዓቱ ስልክ ላይ ይሞላ።
ጠዋት 1 ሰዓት፦ ቁርስ፣ ፕሬድኒሶሎን ከምግብ ጋር፣ ቡና።
ጠዋት 2 ሰዓት፦ ሳይክሎስፖሪን ወይም ታክሮሊመስ፤ ማታ 2 ሰዓት ይደገማል። ከምግብ ጋር ያለው ሁኔታ ንቅለ ተከላ ሐኪሙ እንዳዘዘው ይሁን።
ቀን 7 ሰዓት፦ ከምሳ ጋር ካልሲየም።
ማታ፦ ከራት ጋር ማግኒዚየም።

ጠዋት አልመች ያለው ሰው ማታ ሲተኛ፣ ከመጨረሻው ምግብ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ መውሰድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ማግኒዚየሙ ወደ ምሳ ይዛወር። በረመዳን ይህ ማታው አማራጭ ይመቻል፣ ወይም ከሱሁር ግማሽ ሰዓት ቀድሞ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ኦርቶዶክሳውያን ንጋት ላይ በውኃ ስለ መዋጡ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ካልሆነ የማታው አለ። ጸበል የሚሄድ ሰው ታይሮይዱንም፣ ይልቁንም ስቴሮይዱንና የጂቪኤችዲ መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ የሚጠጣው ውኃም ይፈላ።

አንድ ቀን ከተረሳ አይጨነቁ። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። በማግስቱ በመደበኛው መጠን ይቀጥሉ። ለልጅ ክኒኑ ተፈጭቶ በትንሽ ውኃ ወዲያው ይሰጥ፤ ወተት ውስጥ አይሁን።

ደረጃ 8፦ ማስተካከል

ከተጀመረ ወይም መጠን ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ይለካል። ከዚያ ቀድሞ የተለካ ያልበሰለ ቁጥር ነው። ከተስተካከለ በ6 ወር፣ ከዚያ በዓመት።

ክኒኑ በትክክል እየተዋጠ ቲኤስኤች አልወርድ ካለ መጠን ከመጨመር በፊት የሚጠየቁ አሉ። መጀመሪያ ቡናውና ካልሲየሙ፣ ከላይ እንደተባለው። ቀጥሎ አንጀቱ፦ የአንጀት ጂቪኤችዲ ሲያገረሽ ክኒኑ አይመጠጥም፣ ተቅማጡ ሲታከም ደግሞ ያው መጠን ይበዛል። ሽንት ላይ የማይጠፋ አረፋ ካለ ፕሮቲን ይመርመር፤ ኩላሊት ፕሮቲን ሲያፈስ ታይሮክሲኑንም አብሮ ያፈሳል።

ከዚያ አዲስ መድኃኒት። በእኛ አገር ከሁሉም በላይ ሪፋምፒሲን ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመረ ሰው ሊቮታይሮክሲኑ በጉበት በፍጥነት ይሰባበራል፤ ከሱ የባሰው ሳይክሎስፖሪኑ፣ ታክሮሊመሱና ፕሬድኒሶሎኑም አብረው ይወርዳሉ፣ ጂቪኤችዲው ያገረሻል። የቲቢ መድኃኒቱን የሚሰጠው ጤና ጣቢያ ንቅለ ተከላውን፣ የንቅለ ተከላው ሐኪምም ቲቢውን ከመጀመሪያው ቀን ይወቁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታልም እንደዚሁ ያፈጥናሉ። ለጠነከረ ቆዳ የሚሰጠው ኢማቲኒብም የሊቮታይሮክሲን ፍላጎት ሊጨምር ይችላል። በኬሞው ምክንያት የወር አበባዋ ቀድሞ ቆሞ የሚዋጥ ኢስትሮጅን የጀመረች ሴትም ተጨማሪ ሊያስፈልጋት ይችላል። በተቃራኒው የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የታይሮይድ ክኒኑ የዋርፋሪኑን ኃይል ስለሚያበረታው አይኤንአር (የደም አረጋግ መለኪያው) ቶሎ ቶሎ ይለካ።

እርግዝና ከተገኘ በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ መጠኑ ወደ ሩብ ያህል ከፍ ይላል።

ሆርሞኑ ሲበዛ

ክኒኑ በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ መጠን ይቀነሳል። በስቴሮይድ የሳሳ አጥንት ላይ ትርፍ የታይሮይድ ሆርሞን ሲጨመር ስብራት ይቀርባል፣ ልብም ምቱ ይዛባል፤ ስለዚህ «ትንሽ ከፍ ይበል፣ ጉልበት ይሰጣል» የሚለው ምክር አይሰማ። ለክብደት መቀነሻ ብሎ መጨመርም ያው ነው።

ክኒን ሳይወስድ የበዛበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ተቆጥቶ የያዘውን ሆርሞን እያፈሰሰ ነው። ይህ በሳምንታት ያልፍና ብዙ ጊዜ ወደ ማነስ ይገለበጣል። ያን ጊዜ ዕጢው ሆርሞን እንዳይሠራ የሚያግዱት ፒቲዩ ወይም ካርቢማዞል አይረዱም፤ ልብ ምቱን ለማብረድ ፕሮፕራኖሎል ይበቃል፣ ሳንባው ጂቪኤችዲ ወይም አስም ካለበት ግን ፕሮፕራኖሎል አይመከርምና ሐኪሙ ሌላ ይመርጣል። ከለጋሹ የተሻገረ ግሬቭስ (ፀረ እንግዳ አካል ዕጢውን እየገፋ ሆርሞን የሚያስበዛበት ሕመም) ከሆነ ነው ፒቲዩ ወይም ካርቢማዞል የሚያስፈልገው። እነዚህ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ድምጥማጡን ያጠፋሉ፤ ለዚህ ሰው ደግሞ ነጭ ሴል ውድ ነው። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያኑ ቀን ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) መለካት ነው።

አንገቱን መፈተሽ

በዓመት አንዴ ሐኪም አንገቱን ይዳስስ። ቤት ውስጥም መስታወት ፊት ቀና ብሎ፣ ውኃ ተጎንጭቶ ሲዋጥ ከጉሮሮ አጥንት በታች የሚንቀሳቀስ እብጠት አለ ወይ ብሎ ማየት ይቻላል። ጨረር የወሰደ ሰው፣ በተለይ በልጅነቱ ከሆነ፣ ለታይሮይድ ካንሰር ያለው ተጋላጭነት ዕድሜውን ሙሉ ይቆያል። እንቅርት ባገራችን የተለመደ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ አልትራሳውንድ ይታዘዝ፣ ካስፈለገ ኤፍኤንኤ (በቀጭን መርፌ ናሙና) ይወሰድ። አዮዲን ያለው ገበታ ጨው ይበቃል፤ የአዮዲን ጠብታና የባሕር ሣር ክኒን የደከመን ዕጢ ያባብሳሉ እንጂ አያነቁም።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው

ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ሲነሡ መውደቅና ግራ መጋባት ስቴሮይድ በወሰደ ሰው ላይ ሲታይ የኮርቲሶል እጥረት ነው ብሎ መነሣት ነው። ድንገተኛ ክፍል የሚሰጠው ሃይድሮኮርቲሶን 100 ሚሊግራም በመርፌ ነው፤ የላቦራቶሪ ውጤት አይጠበቅም። ሰውነቱ የቀዘቀዘ፣ የልብ ምቱ የዘገየ፣ እንቅልፉ አልነቃ ያለ ሰውም ጥቁር አንበሳም ይሁን ቅርብ ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ዛሬውኑ ይድረስ። 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳትም እንደዚያው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ቦርሳ ውስጥ አንድ ወረቀት ይኑር፦ ንቅለ ተከላው የተደረገበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የስቴሮይዱ ስምና የዛሬ መጠኑ፣ የሊቮታይሮክሲኑ መጠን በማይክሮግራም፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት የቲኤስኤችና የቲ ፎር ውጤቶች ከነአሃዳቸው፣ ትኩሳት ሲመጣ ስቴሮይዱ በስንት እንዲጨመር ሐኪሙ የጻፈው ትዕዛዝ። የስቴሮይዱ መጠን በተቀየረ ቁጥር ወረቀቱም ይቀየር።